ድንጋይ ማሽተት

ለአኳሪየሜ የመጀመሪያው ሕያው ድንጋይ ከፍሎሪዳ በአውሮፕላን ሲመጣልኝ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር። ካርቶኑን ገና ስከፍተው ቨርጂኒያ ያለው ቤዝመንቴ የበሰበሰ እንቁላል ሸተተ። የተበላሸ ዕቃ የላኩልኝ መሰለኝ። አልተበላሸም፤ ከባሕር ወጥቶ ውሎ ስላደረ ከላዩ ላይ ካለው ሕይወት የተወሰነው ሞቷል፤ የሞተ ደግሞ ይሸታል።

ሕያው የሚባለው ድንጋዩ ራሱ አይደለም። በፍሎሪዳ ከተፈጥሮ የኮራል ሪፍ ላይ ድንጋይ መፈንቀል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስለተከለከለ፣ ሕያው ድንጋይ የሚያለሙ ሰዎች ተራ የኖራ ድንጋይ በተፈቀደላቸው የባሕር ወለል ላይ አስቀምጠው ዓመታት ይጠብቃሉ። ባሕሩ ነው የሚዘራበት፦ ሰፍነግ፣ ትላትል፣ ሐምራዊ አልጌ፣ ከሁሉም በላይ ባክቴሪያ። ድንጋዩ እንደ ጥሩ እንጀራ ዐይናማ ነው። ኦክስጅን በሚደርስበት በኩል ያሉት ባክቴሪያዎች ከዓሣ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ኦክስጅን በማይዘልቅበት ጥልቁ ውስጥ ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ናይትሮጅን ጋዝ አድርገው ይለቁታል። ስለዚህ ድንጋዩን ጌጥ ሲሉት ቅር ይለኛል።

ድንጋዩ አኳሪየም ከመግባቱ በፊት የሞተው እስኪጸዳለት በርሜል ውስጥ ይቆያል። በሊትር 35 ግራም ገደማ የባሕር ጨው እበጠብጣለሁ፤ ማሞቂያው ውሃውን 26 ዲግሪ ላይ ያቆየዋል፤ ፓምፑ ሌት ተቀን ያንቀሳቅሰዋል። መብራት የለም፤ በዚያ ሁሉ ብስባሽ ላይ ብርሃን ከተጨመረ አረንጓዴ አልጌ ይወርሰዋል። ድንጋዩን የማለቀልቀው በጨው ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን የምንደክምላቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላል። የጠቆረውንና የሚዝለገለገውን ሰፍነግ በወረንጦና በብሩሽ አነሳለሁ፤ ጓንት ግን አይረሳም፣ የጠጉራም ትሎቹ እሾህ ቆዳ ውስጥ ከገባ ያሠቃያል።

ከዚያ ጥበቃ ነው፤ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት። አሞኒያው ሽቅብ ይወጣል፣ ውሃ እለውጣለሁ፣ ይወርዳል።

አንድ ጊዜ የአሞኒያ መለኪያው ዜሮ ስላለኝ ብቻ ድንጋዮቹን ወደ አኳሪየሙ አሻግሬ ሁለት ዓሣ ጨመርኩ። ከትልቁ ድንጋይ ሥር፣ ስንጥቅ ውስጥ፣ በከፊል የሞተ ሰፍነግ ቀርቶ ኖሯል። ሳሻግረው ነካካሁት፤ የቀረውም ሞተና ውሃውን መረዘው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱንም ዓሦች የአኳሪየሙ ወለል ላይ ተጋድመው አገኘኋቸው። ድንጋዩን አውጥቼ ስገለብጠው ያ ሽታ አፍንጫዬን መታው። መለኪያው የሚነግረኝ ስለ ውሃው ነው። ስለ ድንጋዩ ማወቅ ከፈለግሁ እያንዳንዱን ማንሳት፣ መገልበጥ፣ ሥሩን ማሽተት አለብኝ። ከዚያ ወዲህ ሳላሸት ያሻገርኩት ድንጋይ የለም።

አሁን ብዙውን ጊዜ የምገዛው ሕይወት የሌለበት ደረቅ ድንጋይ ነው፤ ዋጋው ይቀላል። ግን ብቻውን አልተወውም። ከቆየው አኳሪየም አንድ ጭብጥ የምታክል ሕያው ድንጋይ አውጥቼ በርሜሉ ውስጥ መሐል ላይ አስቀምጣለሁ። እናቴ ከአብሲቱ በፊት ከሊጡ ላይ የምታስቀረው እርሾ ነው የሚታወሰኝ። እሷም ሊጡ መድረሱን በአፍንጫዋ ነበር የምታውቀው።

በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ማታ፣ ባትሪ ይዤ እወርዳለሁ። ክዳኑን ስከፍት የሚያገኘኝ የባሕር ሽታ ብቻ ነው። ብርሃኑ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ ነጫጭ ፍጥረታት ከዐይኖቹ ብቅ ብለው ተመልሰው ይሸሸጋሉ።