የመነጽሩ ፍጥነትና የእግሬ ልክ

አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። እኔ ግን ባለፈው ክረምት፣ በረዶው ደጃችንን በዘጋበት ሰሞን፣ ለቀስ በቀስ ትዕግሥት አልነበረኝም። ሜሪላንድ በሚገኘው ቤቴ ምድር ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ በሰዓት 24 ማይል ስከንፍ ከረምኩ። ብስክሌቱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ዐይኔ ላይ የተገጠመው የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ግን ጥድ በከበበው ሐይቅ ዳር ይዞኝ ይበር ነበር።

ነገሩ የመጣው ከስኳር በሽታ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ ነድቻለሁ። ዓለም በመስኮቴ በኩል ሲያልፍ እኔ ተቀምጬ አየሁት፤ በሽታውም የመጣው ከዚያው ወንበር ይመስለኛል። ሐኪሜ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቴን እንዳንቀሳቅስ አጥብቃ ነገረችኝ። ልጄም ብርዱን ሰበብ እንዳላደርግ ብላ ብስክሌቱንና መነጽሩን ገዝታ አስገባችልኝ።

አንድን ሥራ ከመንቀፍ በፊት ያማረውን መመስከር ተገቢ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ይህ ፕሮግራም በጥንቃቄ የተሠራ ነው። የማለዳው ብርሃን ሐይቁ ላይ ሲያርፍ እውነት ይመስላል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ነጭ አጥር ተተክሏል፤ ፔዳሉን ስረግጥ የአጥሩ ቋሚዎች እንደ ባቡር መስኮት ብልጭ ብልጭ እያሉ ያልፋሉ። ከላይ በስተቀኝ «ፍጥነትህ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ቁጥር። ያቺን ቁጥር ወደድኳት። ጥላሁን ገሠሠን እያንጎራጎርኩ፣ እሷን እያየሁ፣ አራት ወር ሙሉ ጋለብኩ።

በሚያዝያ የድሮ የታክሲ ባልደረባዬ ከጆርጅታውን በሚነሳው የካናል ዳር መንገድ በእውነተኛ ብስክሌት እንድንሄድ ጋበዘኝ። መንገዱ ሜዳ ነው። እኔም በልቤ «ዛሬ ያየኛል» ብዬ ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትንፋሼ ተቆረጠ። እሱ ዞር ብሎ «ምነው? ታመምክ እንዴ?» አለኝ። ሰዓቱን ሲያሳየኝ ፍጥነታችን 10 ማይል ነበር። በሳምንቱ ደግሞ የደሜ ምርመራ ውጤት መጣ፤ ስኳሩ ካለበት ፈቀቅ አላለም። ሐኪሜ ጥቂት አሰብ አድርጋ «ብስክሌቱን ሲነዱ መዝፈን ይችላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንዴታ!» አልኳት በኩራት። «እንግዲያው ሥራ አልሠሩም» አለችኝ። ለካስ መጠነኛ የሚባለው እንቅስቃሴ ለማውራት የሚያስችል፣ ለመዝፈን ግን የማያስችል ነው።

ታዲያ 24 ማይሉ ከየት መጣ? ነገሩን ሳጠና ሁለት ነገሮች ተደራርበው አገኘሁ።

አንደኛው የቁጥሩ ጉዳይ ነው። የእኔን ብስክሌት የመሰሉ ርካሽ መሣሪያዎች የሚቆጥሩት ፔዳሉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞረ ብቻ ነው። የረገጥኩት እንደ ጭቃ የከበደ ይሁን እንደ ላባ የቀለለ አያውቁም። ፕሮግራሙ ዙሩን በአንድ ቋሚ ቁጥር ያባዛና «ፍጥነትህ» ይለኛል። በእውነተኛ መንገድ ግን ነፋስ አለ። የአየሩን ግፊት አሸንፎ ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ገደማ ነው። ምድር ቤቴ ውስጥ ነፋስ የለም።

ሁለተኛው ረቂቅ ነው፤ የዐይን ጉዳይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለ አብራሪዎች እይታ ያጠና የነበረው አሜሪካዊው ጄምስ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ስንጓዝ በዙሪያችን ያለው ሁሉ በዐይናችን ላይ እንደ ጅረት ይፈስሳል፤ ፍጥነታችንን የምናውቀው ከዚሁ ፍሰት ነው። ፊት ለፊት ያለው ነገር እምብዛም አይንቀሳቀስም። በጎናችን ያለው፣ በተለይም የቀረበው፣ ሽው ብሎ ያልፋል። ሰው ሁለቱን ዐይኖቹን ከፍቶ ወደ ጎን 200 ዲግሪ ገደማ ያያል፤ ብዙዎቹ መነጽሮች የሚያሳዩት ግን ግማሹን ያህል ነው። ፍሰቱ የሚበረታበት ዳር ጨለማ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ተጠቃሚው እንዳያጥወለውለው ብለው እይታውን ይበልጥ የሚያጠቡ ፕሮግራሞች አሉ።

ባንተን፣ ፕሮፊትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ሰዎችን መነጽር አድርገው በመሮጫ ማሽን ላይ አራመዷቸው። ወደ ፊት ሲመለከቱ ከእርምጃቸው ጋር በትክክል የተመጣጠነው ምስል የዘገየ መሰላቸው። ወደ መሬት ወይም ወደ ጎን ሲመለከቱ ግን ግምታቸው ተስተካከለ። በዚያው ዓመት ፍራንክ ደርጊንና ባልደረቦቹ ሌላ ማብራሪያ አቀረቡ፦ ስንራመድ አንጎላችን እግራችን የሚያመጣውን እንቅስቃሴ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ከሚታየው ላይ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ያው ምስል ቆሞ ለሚያየው የፈጠነ፣ ለሚራመደው የረጋ ይመስላል።

እንግዲህ የፕሮግራም ሠሪዎቹ ችግር እዚህ ላይ ነው። እውነቱን ቢያሳዩ ውሸት ይመስላል። እውነት እንዲመስል ከፈለጉ ምስሉን ማፍጠን፣ ዛፉን ማስጠጋት፣ ነጩን አጥር መትከል አለባቸው። አጥሩ ለጌጥ የተተከለ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የተተከለው ለዐይኔ ነው።

ይህን ለልጄ ሳጫውታት «አባዬ፣ ባይሸነግልህ ኖሮ በሦስተኛው ቀን ትተኸው ነበር» አለችኝ። ልክ ናት፤ አልክድም። ዐይንን መሸንገል በራሱ ኃጢአት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጎርደን ዴንተን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ስኮትላንድ ውስጥ ወደ አንድ አደባባይ በሚወስድ መንገድ ላይ አግድም መስመሮችን አስቀባ። መስመሮቹ ወደ አደባባዩ በተጠጉ ቁጥር እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። ከፈጣን መንገድ የሚመጣ ሾፌር ዐይኑ ፍጥነት ስለለመደ የዘገየ ይመስለዋል፤ እኔም ከሀይዌይ ወጥቼ ከተማ በገባሁ ቁጥር 40 ማይል የኤሊ ጉዞ ይመስለኝ ነበር። መስመሮቹ ሾፌሩ የፈጠነ እንዲመስለው አድርገው ፍሬን ያስይዙታል። ይህም ሽንገላ ነው፤ ግን ሕይወት ለማዳን የታሰበ ነው።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ዴንተን የነካው የመንገዱን ቀለም እንጂ የመኪናውን የፍጥነት መቁጠሪያ አይደለም። ሾፌሩ ዐይኑን ባያምን ዝቅ ብሎ ትክክለኛውን ቁጥር ማየት ይችላል። የእኔ ፕሮግራም ግን ዐይኔንም ቁጥሩንም በአንድ ላይ ለወጠብኝ። ያልታለለው ትንፋሼ ብቻ ነበር። እሱንም በዘፈን ሸፍኜው ኖሯል።

ስለዚህ ክሴ አጭር ነው። ለዐይን የተሠራው ለዐይን ይሁን፤ ሐይቁም አጥሩም ይቅጠሉ። «ፍጥነትህ» የሚለው ቁጥር ግን የእግሬ ነውና አይነካ። መሣሪያው ጉልበቴን መለካት ካልቻለ «ዙር» ብሎ ይጻፈው፤ ምስሉን ስንት እጥፍ እንዳፈጠነውም ይንገረኝ። በዚህ አገር የአጃ ካርቶን እንኳ በውስጡ ስንት ግራም ስኳር እንዳለ በጀርባው ይጽፋል። በሐኪም ትእዛዝ ለሚጋልብ ሰው ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ እንደ እኔ ወንበር ላይ የከረሙ ብዙ ወገኖቼ ይህንኑ መነጽር ከልጆቻቸው በስጦታ እየተቀበሉ ነውና ነው የምጽፈው።

እኔ መነጽሩን አልጣልኩትም። ልጄ ቁጥሩን ከመነጽሩ ውስጥ አጠፋችልኝ፤ እኔም የብስክሌቱን ማክበጃ ሦስት ዙር አጠበቅሁት። አሁን ጥላሁንን እጀምራለሁ፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፄ ሲቆረጥ ደህና እየሄድኩ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቸር ይግጠመን።