ገጣሚ የሚከበርባት ትሬሌው
በአርጀንቲና ፓታጎንያ የምትገኘው ትሬሌው ስሟ የተወሰደው ከዌልሳዊው ሉዊስ ጆንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 ሚሞዛ በተባለች መርከብ የመጡት ዌልሳውያን ደረቁን የቹቡት ሸለቆ በመስኖ አልምተው ስንዴ አበቀሉበት። እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን አይስቴድቮድ የሚሉት የግጥምና የዜማ ውድድራቸው ነው። ገጣሚዎቹ የሚወዳደሩት በብዕር ስም ስለሆነ፣ የአሸናፊው የብዕር ስም ሲጠራ አዳራሹ በሙሉ ዞር ዞር ይላል፤ ማን ይሆን? ባለቤቱ ከሕዝቡ መሃል ብድግ ይላል። አጅበው ለሽልማት በተዘጋጀው ወንበር ላይ ያስቀምጡትና አንድ ሰይፍ ከሰገባው መዘዝ አድርገው «ሰላም ነው?» እያሉ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። «ሰላም!» ይላል ሕዝቡ። እንዴት ያለ ክብር ነው! ለዌልስኛ ግጥም ወንበር፣ ለስፓኒሽ ግጥም ደግሞ ዘውድ ይሸለማል። የአያቶቻቸውንም የአገሩንም ቋንቋ እንዲህ ማክበራቸውን ወድጄላቸዋለሁ።