ጎማ የሚያንኳኳው ረዳት

ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ የተነሳ ከባድ መኪና ሚሌ ወይም አዋሽ ላይ ሲቆም፣ ጠንቃቃ ረዳት ምግብ ከመቅመሱ በፊት መኪናውን ይዞራል። በመዶሻ ወይም በብረት ዘንግ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ያንኳኳል። ይህን ልማድ ከልቤ አደንቃለሁ።

ጥበቡ የሚታየው ከኋላ ባሉት ጥንድ ጎማዎች ላይ ነው። የውስጠኛው ቢተነፍስ እንኳ ሸክሙን ጥንዱ ስለሚይዝለት ለዓይን ደህና ይመስላል። ጆሮ ግን በቀላሉ አይታለልም፤ በደንብ የተነፋ ጎማ መዶሻውን አንጥሮ ይመልሳል፣ የተነፈሰው ድምፁ ይታፈናል። አየር ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር እየተጣጠፈ ይግላል። የአፋር ሐሩር ሲጨመርበት ላስቲኩና በውስጡ ያለው የብረት ክር ይላቀቁና ይፈነዳል። ያኔ ጥንዱ የሁለቱን ሸክም ብቻውን ይሸከማል፤ እሱም አይቆይም።

ስንት አየር እንደጎደለ በትክክል የሚናገረው መለኪያ ነው፤ ማንኳኳት አይተካውም። ነገር ግን በየማረፊያው፣ ያለ ወጪ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይደረጋል። በጎማዎቹ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይም ሆነ የላላ ዳዶ የሚገኘው በዚሁ ዙር ነው። አብዛኛው የአገራችን ገቢ ዕቃ በዚህ መንገድ ያልፋል፤ በሰላም ለመግባቱ እነዚህ ረዳቶች ትልቅ ምስጋና ይገባቸዋል።