«ምን ሆነሽ መጣሽ?» የተባለችው ማን ናት?

እህቶቼ፣ ክሊኒክ ስንገባ ዶክተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀን «ምን ሆነሽ መጣሽ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። የኔ ቅሬታ መልሱን የሚመልሰው ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ባለፈው ዓመት እዚህ ቤሩት መዳም ይዛኝ ሄደች። አፌን ሳልከፍት «ራሷን ያማታል፣ ሥራ አልሠራ ብላለች» አለችው። ጻፈ፣ ፓናዶል አዘዘ፣ ወጣን። ራሴን የሚያመኝ ግን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እንቅልፍ ያጣሁት ደግሞ የሦስት ወር ደሞዝ ስላልተከፈለኝና እናቴ በደወለች ቁጥር የምላት ስለጠፋኝ ነው። ይሄ ወረቀቱ ላይ የለም።

ማኅበራችን ባዘጋጀው የጤና ትምህርት ላይ እንደሰማሁት፣ የቤተሰብ ሐኪሞች ሰው ለምን እንደመጣ የሚመዘግቡበት እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ዓለም አቀፍ መለያ አለ። የወደድኩለት የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን ታማሚው ራሱ የሚናገረውን ምክንያት መቀበሉ ነው። የገንዘብ ችግርና የሥራ ችግር እንኳ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲደመር ስንት ነርስ፣ ምን መድኃኒት፣ ምን ዓይነት አማካሪ እንደሚያስፈልግ ለማቀድ ይረዳል። እኔ ግን የተመዘገብኩት «ራስ ምታት» ተብዬ ነው። በዚህ መዝገብ ከታቀደ የሚታቀድልኝም ፓናዶል ነው።

ከኔ የባሰባት ደግሞ ጭራሽ ያልመጣችው ናት። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ አንድ የታወቀ ጽሑፍ የአሜሪካንና የእንግሊዝን መረጃ ይዞ ሲያሰላ፣ ከ1,000 አዋቂዎች በወር ውስጥ 750 ያህሉ ያማቸዋል፣ ሐኪም ጋ የሚሄዱት ግን 250 ብቻ ናቸው ይላል። እነሱ በር አልተቆለፈባቸውም፣ ፓስፖርታቸውም አልተያዘም። በር የተቆለፈባትን እህታችንን የክሊኒክ መዝገብ ከየት ያውቃታል? «ኢትዮጵያውያን ብዙ አይመጡም» ብሎ የሚያቅድ ሰው ጤነኛ ነን ብሎ ቢያስብስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ ያገራችን ሰዎች። እውነት ነው፣ አንዳንዴ እኛም አፍረን «ሆዴን ነው» ብለን እንወጣለን። እኔ ግን ያን ቀን አልደበቅኩም፤ ተደበቀብኝ እንጂ።

ስለዚህ ለክሊኒክ አቃጆች የምለው ሦስት ነገር ነው። መዳምን ውጭ አስቀምጣችሁ እኛን ለብቻ ጠይቁን። በስልክም ቢሆን አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው ይኑር። እሑድም ክፈቱ፤ ዕረፍት ያላት የምትወጣው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጠሩን።