ድርና ማግ፥ ሸራና ቀለም

በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በአውሮፓ ስለ ተነሣው የጂኦሜትሪ ረቂቅ ሥዕል የሚጻፉት መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ታሪኩን በአንድ መሥመር ይመሩታል። ካዚሚር ማሌቪች በ1915 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በፔትሮግራድ ጥቁሩን አራት ማዕዘን ለሕዝብ አሳየ፤ በ1917 በሆላንድ ቴዎ ቫን ዱስቡርኽ «ደ ስታይል» የተባለውን መጽሔት አቋቋመ፤ ከተባባሪዎቹ አንዱ የሆነው ፒየት ሞንድሪያን ሥዕሉን በቁምና በአግድም መሥመር፥ በቀይ፥ በቢጫና በሰማያዊ ቀለም ወሰነ፤ ከዚህም በኋላ ይህ አሠራር ከሸራ ወርዶ ወደ ወንበር፥ ወደ ቤትና ወደ ልብስ ገባ ይባላል። በዚህ አነጋገር ሠዓሊው ሰጪ፥ የእጅ ባለሙያው ተቀባይ ነው።

ይህ አነጋገር ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ኼሪት ሪትፌልት በ1924 በዩትሬክት ከተማ ለወይዘሮ ሽሮደር የሠራውን ቤት ያየ ሰው፥ ግድግዳውና ሰገነቱ እንደ ተለያዩ ጠፍጣፋ ገጾች ሲሻገሩ ተመልክቶ፥ ከሥዕሉ ጋር ያለውን ዝምድና አይክድም። ኢቭ ሳን ሎራን በ1965 የሞንድሪያንን መሥመሮች በቀሚስ ላይ ባወጣ ጊዜም ምንጩ የተሰወረ አልነበረም። ነገር ግን ሁለቱ የተቀበሉት አንድ አይደለም፤ ቤቱ የሥዕሉን ሥርዐት ሲወርስ ቀሚሱ መልኩን ወረሰ። «ተጽዕኖ» የሚለው አንድ ቃል ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል።

ከዚህ የበለጠ የሚሸፍነው ግን ሌላ ነው። ዋልተር ግሮፒየስ በ1919 በቫይማር ባቋቋመው በባውሃውስ ትምህርት ቤት ከሴቶች ተማሪዎች አብዛኞቹ ወደ ሽመና ክፍል ይመሩ ነበር። በ1922 የገባችው አኒ አልበርስም ወደዚያው የሄደችው ወድዳ አልነበረም። በሽመና ግን ድርና ማግ በቀጥተኛ ማዕዘን ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ቁምና አግድም መሥመር ለሸማኔ ከፍልስፍና የተገኘ ምርጫ ሳይሆን ከመሣሪያው የሚወለድ ግዴታ ነው። ሞንድሪያን በብዙ ድካም የደረሰበት ሥፍራ ለሸማኔ የሥራው መነሻ ነበር። አልበርስ በ1930 በበርናው ለሠራተኞች ማኅበር ትምህርት ቤት አዳራሽ የሠራችው የግድግዳ ጨርቅ ለዚህ ማስረጃ ነው፤ በአንድ ገጹ ሴሎፋኑ ብርሃንን ይመልሳል፥ በሌላው ገጹ ድምፅን ይውጣል። ውበቱ ከፈትሉ ጠባይ ስለ ተገኘ ከሸራ የተቀዳ ነው ሊባል አይችልም።

ባውሃውስ በናዚዎች ግፊት በ1933 ሲዘጋ አልበርስ ወደ አሜሪካ ተሰደደች፤ በሰሜን ካሮላይና በብላክ ማውንቴን ኮሌጅ አስተማረች፤ ከ1935 ጀምሮም ሜክሲኮን ደጋግማ ጐበኘች። በ1965 ያሳተመችውን ስለ ሽመና የሚናገር መጽሐፍ ለጥንታውያን የፔሩ ሸማኔዎች መታሰቢያ አድርጋ፥ መምህሮቿ እነርሱ መሆናቸውን መሰከረች። በዚህም የምስጋናውን መንገድ ገለበጠችው።

ሆኖም ይህ ምስጋና ጥንቃቄ ለጐደለው አንባቢ የሌላ ስሕተት በር ሊከፍት ይችላል። በኢንካዎች ዘመን ቶካፑ የተባለው ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ከለባሹ ማዕርግ ጋር የተያያዘ ነበር። ያን ሸማኔ «ረቂቅ ሠዓሊ» ብሎ መጥራት ክብር ቢመስልም ጨርቁን ከለባሹ ይለያል። በ1949 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የአልበርስን ሥራ በስሟ ለብቻው አሳየ፤ የፔሩ ሸማኔዎች ጨርቅ ግን በብዙ ሙዚየሞች የሚታየው በሕዝባቸው ስም ብቻ ነው።

ነገሩ የኢትዮጵያን ተመራማሪም ይመለከታል። የጋሞ ሸማኔ የሚያወጣው ጥለት መሥመርና ማዕዘን ስላለበት «ዘመናዊ ሥዕል ይመስላል» ተብሎ ቢመሰገን፥ ልጅ አባቱን ወለደ እንደ ማለት ነው። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ማን እንደ ሠራው፥ ማን በየትኛው ቀን እንደሚለብሰውና ሸማኔው ራሱ ጥለቱን በምን ስም እንደሚጠራው ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ ሥዕሉና ጨርቁ ጐን ለጐን ቢቀርቡ፥ ንጽጽሩ ለሁለቱም የተገባ ፍርድ ይሆናል።