ሦስቱ ጥበባት በአንድ ጥላ ሥር

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በእስክንድር ቦጎሲያን ስም የተሰየመው ኮሌጅ ሥዕልን፣ ሙዚቃንና ቴአትርን በአንድ አስተዳደር ያስተሳሰረ ነው። ሦስቱ ግን የተወለዱት ለየብቻ ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአለ ፈለገ ሰላም ጥረት በ1950 ዓ.ም. በይፋ ተከፈተ፤ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የራሱን መንገድ ይዞ አደገ፤ የቴአትር ጥበባት ትምህርትም በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲው ተጀመረ።

የዚህ አደረጃጀት ፈተና በስሙ ሳይሆን በመድረክ የሚታይ ነው። ተውኔት ትዕይንቱን የሚሥል፣ ዜማውን የሚደርስና ቃሉን የሚተውን ባለሙያ በአንድነት ይሻል። ሠዓሊው መብራት ቀለምን እንዴት እንደሚለውጥ፣ ሙዚቀኛውም ዝምታ ለተዋናዩ ምን እንደሚያደርግለት የሚማሩት አብረው ሲሠሩ እንጂ በየክፍላቸው ተወስነው አይደለም። ስለዚህ የምረቃ ሥራ በጋራ የሚቀርብበትና የሚመዘንበት ሥርዓት ካልጸና፣ አንድነቱ ከደብዳቤ ራስጌ አያልፍም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከኮሌጁ በር ውጭ ያለ ነው። የድጓ ተማሪ ከልጅነቱ ጀምሮ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ጆሮውን ለዓመታት ያሠለጥናል። ኮሌጅ የሚገባው ወጣት ግን ብዙውን ጊዜ እርሳስንም ሆነ ክራርን በሥርዓት የሚጨብጠው ገና እዚያ ሲደርስ ነው። የኮሌጅ ዘመን ደግሞ እጅንና ዓይንን ለማስለመድም፣ የራስን ስልት ለማግኘትም አይበቃም።

እንግዲህ ዕቅድ አውጪው የኮሌጁን በጀት ሲመዝን የአንደኛ ደረጃውን የሥዕልና የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ አብሮ ይመዝን፤ መምህሩም ያን ሰዓት ለሌላ ትምህርት ማካካሻ አሳልፎ አይስጥ። ሥር ያልያዘ ተክል በአናቱ ውኃ ቢያፈሱበት አያፈራም።