ያልተስማሙበት ክንድ

ሽማግሌው ተዋጊ ቀኝ ክንድ የለውም። የግራ እጁ አውራ ጣትም ጎድሏል። ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝመውን ይህን የሸክላ ሐውልት የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከሌላ ግዙፍ ተዋጊና ለብቻው 1.4 ሜትር ከሚሆን ጭንቅላት ጋር ገዝቶ፣ በ1933 ሦስቱንም አንድ ላይ ለሕዝብ አቀረበ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሮም ገና ሳትገንን በመካከለኛው ጣሊያን የኖሩት የኤትሩስካኖች ሥራ ናቸው ተባለ። በ1937 የሙዚየሙ ምሁር ጂሴላ ሪክተር ስለነሱ ጽሑፍ አሳተሙ። ሪክተር ደግሞ በቀላሉ የሚሸወዱ ሰው አልነበሩም።

እኔን የሚገርመኝ መታለላቸው ሳይሆን ያታለላቸው ነገር ነው። ስብራቱ! ሸክላ ተሰባብሮ ሲመጣ፣ ተገጣጥሞ ሲቆም፣ አንድ ነገር ሲጎድለው «በቃ፣ ዕድሜ ነው» እንላለን። እዚህ ግን ነገሩ የዕድሜ ሳይሆን የምድጃ ነበር። ሐውልቶቹን የሠሩት የሪካርዲ ቤተሰብ ልጆችና አልፍሬዶ ፊዮራቫንቲ ያን የሚያክል ሸክላ የሚተኩስ ምድጃ አልነበራቸውም። ስለዚህ ቀርጸው፣ ቀብተው፣ ጭቃው ገና ጥሬ ሳለ ሰባብረው ስብርባሪውን ተኮሱት። ክንዱስ? እንዴት ይሁን በሚለው ላይ መስማማት አቃታቸው፤ ተዉት። ተመልካች የዘመናት ቁስል ነው ብሎ ያዘነለት ጉድለት የባልደረቦች ንትርክ ሆኖ አረፈው።

በተለይ ጣሊያን ውስጥ ቅርጹን ብቻ አይተው የጠረጠሩ ነበሩ። ሙዚየሙን ያናወጠው ግን በ1960 የተደረገው የኬሚካል ምርመራ ነው፤ ቅቡ ውስጥ ኤትሩስካኖች የማይጠቀሙበት ማንጋኒዝ ተገኘ። ጥር 5 ቀን 1961 ፊዮራቫንቲ ሮም ወደሚገኘው የአሜሪካ ቆንስላ ሄዶ የእምነት ቃሉን ፈረመ። ለማስታወሻ ያስቀራትን አውራ ጣትም ይዞ ነበር። ገጠመች።

ታሪኩ ሲወራ «ሳይንስ ዓይንን አሸነፈ» ይባላል። አልስማማም። በ1916 ቬይ ላይ የተገኘውን፣ አሁን ሮም ቪላ ጁሊያ ሙዚየም ያለውን የሸክላ አፖሎ እዩት፤ ፎቶውም ይበቃል። የሱም ክንዶች ተሰብረዋል። ትከሻው ግን ክንዱ ወዴት ይሄድ እንደነበር ይናገራል፤ ልብሱ ከእርምጃው ጋር አብሮ ይሳባል። ሽማግሌው ተዋጊ ደግሞ ቆሟል፣ አለቀ። የጎደለው ክንድ ከተቀረው አካል ጋር ወሬ የለውም። ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ስብራቱን ማስረጃ አድርጎ አለመቁጠር ይበቃል።

ቤተ ሙከራውን ማጣጣሌ አይደለም። ሸክላ ሲተኮስ በውስጡ የተጠራቀመው የጨረር ጉልበት ይለቅና ከዜሮ ጀምሮ እንደገና ይጠራቀማል። ናሙናውን መልሳችሁ ስታግሉት የሚሰጠው ብርሃን ከተተኮሰ ምን ያህል እንደቆየ ይጠቁማል። በዚሁ ዘዴ የቱርኩ ሃጂላር ናቸው የተባሉ 66 ሸክላዎች ተመርምረው 48ቱ የቅርብ ጊዜ ሥራ ሆነው ተገኙ፤ ውጤቱ በ1971 ታትሟል። ግን የሚለካው ናሙናው የተወሰደበት ቦታ መቼ እንደተተኮሰ ብቻ ነው። እውነተኛ ጥንታዊ ስባሪ ላይ አዲስ ገላ የቀጠለ ሰው፣ ናሙናው ከስባሪው ከተወሰደ ያመልጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው መገጣጠሚያው ነው፦ የት ተሰበረ? ለምንስ እዚያ ላይ?

ተዋጊዎቹ ከአዳራሹ ተነሡ። እኔ ብሆን ሽማግሌውን እዚያው እተወው ነበር፤ መግለጫው ላይ የክንዱን ነገር እንዳለ ጽፌ።